ቀበቶ አለማሰር ካሳን ያሳጣል?

መኪና ተጋጭቶ ሰው ሲጎዳ ከኢንሹራንስ በኩል ቶሎ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ቀበቶ አስረው ነበር?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ፣ ማስታገሻ ወስዶ፣ ገና ግራ እንደተጋባ ይመልሰዋል። «አይ፣ አላሰርኩም» ካለ «እንግዲያው ጥፋቱ የእርስዎም ነው» ይባላል፤ ከዚያ ትንሽ ገንዘብ ይቀርብለታል፤ እሱም የሚገባው ይሄው መስሎት ይፈርማል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቀበቶ አለማሰር ካሳን ሊቀንስ ይችላል፤ በአብዛኛው ግን ካሳን አያጠፋም። ቅነሳው ራሱ ዝም ብሎ አይመጣም። የትኛው ጉዳት ላይ፣ በስንት፣ በምን ማስረጃ ተብሎ መለየት አለበት።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን እንለያይ። አንደኛው «ግጭቱን ማን አመጣው?» ነው። ሁለተኛው «ጉዳቱ ለምን ይህን ያህል ከበደ?» ነው። ቀበቶ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቀይ መብራት ጥሶ የገጫችሁ ሰው መብራቱን የጣሰው እናንተ ቀበቶ ስላላሰራችሁ አይደለም። ግጭቱ የእሱ ነው። ቀበቶ የሚነሳው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። የኢንሹራንስ ሰዎች አውቀውም ይሁን ሳያውቁ ሁለቱን ሲያደባልቋቸው ተጎጂው ግጭቱን ራሱ ያመጣ ይመስል አንገቱን ይደፋል።

ይህን ነገር በግልጽ ካስቀመጡት ፍርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተሰጠው ነው። አንድ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በጥንቃቄ እየነዳ ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሌላ መኪና ለመቅደም ብሎ ከመስመሩ ወጣና ገጨው። የሰውየው ጥፋት ግጭቱ ላይ ዜሮ ነው። ግን ቀበቶ አላሰረም። ለምን ሲባል፣ ቀበቶ ያሰሩ ሾፌሮች ከአደጋ በኋላ መኪና ውስጥ ተይዘው ሲቀሩ አይቻለሁ፣ ያ ያስፈራኛል አለ። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ቀበቶ ማሰር በሕግ ግዴታ አልነበረም፤ የፊት መቀመጫ ግዴታው የመጣው በ1983 ነው። እንዲያም ሆኖ ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ ቅነሳ ይገባል አሉ። ነጥባቸው ቀጥተኛ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የአደጋው ምክንያት ሳይሆን የጉዳቱ ምክንያት ነው። የሰውየው እምነት ከልብ ቢሆንም አላዳነውም። በሌላ በኩል ጣቱ ተሰብሮ ነበር፤ ቀበቶ ቢያስርም ጣቱ መሰበሩ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ለጣቱ የሚከፈለው አይነካም፤ የሚነካው የጭንቅላቱና የደረቱ ጉዳት ነው።

ከዚያ ፍርድ የወጣው መለኪያ እንግሊዝ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። ቀበቶ ቢታሰር ጉዳቱ ጨርሶ የማይደርስ ከነበረ 25 በመቶ ይቀነሳል። ጉዳቱ ቢደርስም በጣም ቀለል ይል ከነበረ 15 በመቶ። ቀበቶው ምንም ለውጥ የማያመጣ ከነበረ ደግሞ ቅነሳ የለም። ልብ በሉ፣ በዚህ መለኪያ ከባዱ ቅነሳ ሩብ ነው። ሦስት አራተኛው የሚከፈለው ግጭቱን ባመጣው ሰው ነው። ለእኔ ሚዛናዊ ነው። ቀበቶ አለማሰር ጥፋት ነው፣ አዎ። ግን በአደገኛ ሁኔታ ከነዳው ሰው ጥፋት ጋር እኩል ሊቆጠር አይገባም።

አሜሪካ ስትሄዱ ነገሩ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። እንደ ማሳቹሴትስና ኢሊኖይ ባሉ ግዛቶች ተጎጂው ቀበቶ አላሰረም የሚለው ነገር ጥፋተኛ ነው ለማለት በማስረጃነት አይቀርብም። ሚዙሪ ውስጥ ቢቀርብም ቅነሳው ከ1 በመቶ አይበልጥም። ሚሺጋን 5 በመቶ፣ ዊስኮንሲን 15 በመቶ ላይ ጣሪያ አስቀምጠዋል። ኒው ዮርክ ከ1974 ጀምሮ የካሳውን መጠን ለመቀነስ እንዲነሳ ይፈቅዳል፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን የተከሳሹ ነው። ቴክሳስ ለ40 ዓመት ገደማ ጉዳዩ ጨርሶ እንዳይነሳ ከልክሎ ቆየና በ2015 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን ሻረው። ኒው ሃምፕሸር ደግሞ አዋቂ ሰው ቀበቶ እንዲያስር የሚያስገድድ ሕግ እንኳ የላትም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የቨርጂኒያ ነው። እዚያ ያለው የካሳ ሕግ በጣም ጨካኝ ነው፤ ተጎጂው ለግጭቱ ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ሙሉ ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ቀበቶ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ቢገባ ስንቱ ባዶ እጁን ይቀር እንደነበር አስቡት። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አይተው ይመስላል፣ ቀበቶ አለማሰር እንደ ቸልተኝነት አይቆጠርም ብለው በሕጉ ውስጥ ጻፉት። ሰሜን ካሮላይናም ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች። ስለዚህ አንድ ዘመድ ከሌላ ግዛት ወይም ከሌላ አገር ደውሎ «እኔ ጋ እንዲህ ሆነ» ቢላችሁ፣ እናንተ ጋ ይሠራል ማለት አይደለም። የሚገዛችሁ በአብዛኛው አደጋው የደረሰበት ቦታ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ግጭቱ እንግባ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚያ ነው። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ሲጋጭ ውስጥ ያለው ሰው በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ያ ፍጥነት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፎቅ ወድቆ መሬት ሲደርሱ የሚኖረው ነው። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው፤ እጅ መሪ ላይ ተደግፎ ራስን ማቆም የማይታሰብ ነው። ቀበቶው ሰውየውን መቀመጫው ላይ ይይዘዋል። ጫናውን ጠንካራ አጥንት ላይ፣ ማለትም ዳሌ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ያሰራጫል። ትንሽ እየተለጠጠም ፍጥነቱን ያበርዳል። ኤርባጉም (በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋው ከረጢት) የተሠራው ሰውየው በቀበቶ ተይዞ ቦታው ላይ አለ ብሎ አስቦ ነው። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ዛሬም በየመኪናው ያለው እሱ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ የቤት መኪና የፊት መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ቀበቶ ሲያስር የመሞት አደጋው በ45 በመቶ፣ ከመካከለኛ እስከ እጅግ ከባድ ጉዳት የመድረሱ አደጋ በ50 በመቶ ይቀንሳል።

ታዲያ ይህን ቁጥር የኢንሹራንሱ ጠበቃ አንስቶ «ቢያስር ኖሮ ግማሹ አይደርስበትም ነበር» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ንቁ። 50 በመቶ የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። የእናንተን ጉልበት፣ የእናንተን ራስ ቅል፣ የእናንተን ግጭት አይናገርም። ተከሳሹ ማሳየት ያለበት በዚህ ግጭት፣ በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ መቀመጫ ላይ የነበረ ይህ ሰው ቢያስር ኖሮ ይህ ጉዳት ይቀር እንደነበር ነው።

ይህ ደግሞ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይለያያል። ሰው ከመኪናው ተወርውሮ ከወጣ፣ ፊቱ የፊት መስታወቱን ከመታ፣ ደረቱ መሪው ላይ ካረፈ ቀበቶው ለውጥ ያመጣ እንደነበር ማስረዳት ብዙ አይከብድም። ግን ከጎን የመጣ መኪና በሩን ወደ ውስጥ ጨፍልቆ ዳሌ ቢሰብር? ሰውየው ቀበቶ አሰረም አላሰረም በሩ ወደ እሱ መጥቷል። የፔዳሉ አካባቢ ወደ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚት ሲቀጠቅጥም እንደዚያው። ከኋላ ተገጭቶ አንገቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወርውሮ የታመመ ሰው ጉዳይ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ከዚያ የሚከላከለው በዋናነት የመቀመጫው ጀርባና የራስ መደገፊያው ነው። ለአንገት ሕመም «ቀበቶ አላሰሩም» ብሎ ገንዘብ የሚቀንስ ሰው ካጋጠማችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁት።

ሒሳቡን በምሳሌ ልሥራው፤ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን። አንድ ሰው አጠቃላይ ጉዳቱ 1,000,000 ተብሎ ተገመተ እንበል። ከዚህ ውስጥ 400,000 ለተጨፈለቀ እግሩ ነው፣ ቀበቶ አያድነውም ነበር። 600,000 ደግሞ መስታወት መትቶ ለተጎዳ ጭንቅላቱ። ቅነሳው 25 በመቶ ከሆነና በትክክል ከተሠራ፣ የሚቀነሰው ከ600,000 ላይ ነው፤ 150,000 ይሄዳል፣ 850,000 ይቀራል። ሰነፍ ወይም ተንኮለኛ ሒሳብ ግን 25 በመቶውን ከጠቅላላው ላይ ያነሳል፤ 250,000። የ100,000 ልዩነት በአንድ መስመር ጠፋ ማለት ነው። ሰውየው በግጭቱም ላይ ድርሻ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ትንሽ ፍጥነት አብዝቶ ቢሆን፣ ያ ሌላ ቅነሳ ነው፤ ለብቻው ይሰላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ጨፍልቀው «በቃ ግማሽ ግማሽ» ሲሏችሁ ግማሹ ከየት እንደመጣ ይንገሯችሁ።

ይህ ሁሉ ነገር እንዲነሳ በሚፈቀድበት ቦታም የማስረዳት ሸክሙ በአብዛኛው የተከሳሹ ነው። ቀበቶው መኖሩንና መሥራቱን፣ አለመታሰሩን፣ የትኛው ጉዳት ከዚያ እንደመጣ፣ ምን ያህሉ ይቀር እንደነበር። ለዚህ ግጭቱን መልሶ የሚገነባ መሐንዲስ፣ የሰውነትን አካሄድ የሚያሰላ ባለሙያ፣ አንዳንዴም ሐኪም ያስፈልጋል። ርካሽ አይደለም። ጉዳቱ መለስተኛ ከሆነ ባለሙያ ቀጥሮ የሚቀነሰው ገንዘብ ለባለሙያው ከሚከፈለው ሊያንስ ይችላል። ስልክ ላይ ግን «ቀበቶ አላሰሩም» ብሎ ማስፈራራት ምንም አያስከፍልም።

እና ሰው ምን ያደርጋል? ይዋሻል። «አስሬ ነበር» ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መኪናው ራሱ ይናገራል። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ውስጥ የግጭት መረጃ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፣ ብላክ ቦክስ የሚሉት ዓይነት። ከግጭቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የነበረውን ፍጥነት፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን፣ የሾፌሩ ቀበቶ መታሰር አለመታሰሩን ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ግዴታ አድርጎታል። መሣሪያው ባይኖርም ጨርቁ ይመሰክራል። ሰው የያዘ ቀበቶ በከባድ ግጭት ይለጠጣል፣ በሚያልፍበት ቀለበት ላይ ተፋግቶ ምልክት ይተዋል፣ አንዳንዴ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይጣበቅበታል። በብዙ መኪናዎች በግጭት ሰዓት ቀበቶውን በቅጽበት የሚያጠብቅ መሣሪያ ይተኮሳል። ከዚያ በኋላ ቀበቶው እንደተዘረጋ ከደረቀ ሰው ላይ ነበር፤ ምሰሶው ላይ ተጠቅልሎ ከደረቀ አልታሰረም። የአምቡላንስ ሠራተኛውም የሐኪሙም ማስታወሻ አለ። ውሸቱ ሲወጣ የሚጠፋው የቀበቶው ክርክር ብቻ አይደለም። ስለ ሕመማችሁ፣ ሥራ መሥራት ስላለመቻላችሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለማጣታችሁ የተናገራችሁት እውነት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይጠረጠራል። 15 ወይም 25 በመቶ ለማዳን ብሎ ሙሉውን ማጋለጥ ነው።

አለመዋሸት ግን ለደወለ ሁሉ መዘርዘር ማለት አይደለም። ለሐኪም እውነቱን ንገሩ፣ ሕክምናችሁ ይፈልገዋል። ለጠበቃችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ለሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ ግን፣ በድምፅ የሚቀዳ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አላችሁ። «አሁን መልስ ለመስጠት ዝግጁ አይደለሁም» ማለት ነውር የለበትም።

ቀበቶ ያሰራችሁ ሰዎች ደግሞ ማስረጃችሁን ቶሎ ያዙ። ከትከሻ ወደ ታች በደረት ላይ፣ ከሆድ በታችም አግድም የሚሄደው የበለዘ መስመር ቀበቶ ማሰራችሁን በደንብ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው። ግን ይጠፋል። በየቀኑ ፎቶ አንሱት፣ ሐኪሙም እንዲጽፈው ጠይቁ። እግረ መንገዴን፣ ይህ ምልክት ሆድ ላይ ካለ ዝም ብላችሁ አትተውት። ቀበቶ የጫነው አንጀት ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ሆድ ሕመም ከመጣ ወይም ከባሰ ወዲያው ወደ ሐኪም ተመለሱ።

ቀበቶ ሕይወት እያዳነ የጎድን አጥንት፣ የደረት አጥንት ወይም የትከሻ አጥንት ሊሰብር ይችላል። «ቀበቶው ነው የሰበራቸው እንጂ ደንበኛችን አይደለም» የሚል መልስ ሰምቶ የተደናገረ ሰው አለ። ይህ አይያዝም። ቀበቶው የሰበረው መኪናው ስለተገጨ ነው፤ ግጭቱን ያመጣው ሰው ይከፍላል።

አስሬያለሁ ማለትም ሁልጊዜ በቂ አይደለም፣ እንዴት እንደታሰረ ይታያል። የትከሻውን ክፍል በብብት ሥር ማሳለፍ ወይም ወደ ጀርባ መጣል፣ የታችኛውን ክፍል ዳሌ ላይ ሳይሆን ሆድ ላይ ማድረግ፣ መቀመጫውን አስተኝቶ መጓዝ። እነዚህ ላይ ተከሳሹ «በአግባቡ አልታሰረም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ማሰር አለባት፤ የታችኛው ክፍል ከሆዷ በታች፣ የላይኛው በጡቶቿ መሃል። በሕክምና ምክንያት ማሰር የማይችል ሰው የሐኪም ወረቀት ካለው ጉዳዩ ሌላ ነው። የትራፊክ ቅጣት መክፈልና ካሳ ማጣትም አንድ አይደሉም። ለቀበቶ የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ ካሳውን መጠየቅ ይችላል።

ኋላ የተቀመጡ ሰዎች ስለ ራሳቸው ጉዳይ ብዙ አይጨነቁም፣ «ፊት ላለ ሰው ነው» ይባላል። ትልቅ ስህተት ነው። ቀበቶ ያላሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ሲወረወር ቀበቶ ያሰረውን የፊት ሰው ከጀርባው ይመታል። የራሱ ካሳ ሊቀነስ ይችላል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ለመታው ሰው ጉዳት ራሱ ሊጠየቅ ይችላል።

የልጆች ጉዳይ ይለያል፣ ልብም ይነካል። ትንሽ ልጅ ራሱን አላሰረም ተብሎ አይወቀስም። ስለዚህ የልጁ ካሳ በዚህ ምክንያት አይቀነስም። ግን ጥያቄው ወደ አዋቂው ይዞራል። እንግሊዝ ውስጥ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ እናትየዋና መኪናውን የነዳችው አክስት የጉዳቱን 25 በመቶ ድርሻ እንዲሸከሙ ተወስኗል። ገጪው ሌላ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ሸክም የእሱ ነው። ግን ሕፃን እቅፍ ላይ ማድረግ ፍቅር ቢሆንም በዚያ ፍጥነት ክንድ አይይዘውም፤ ፍርድ ቤቱም ይህን አላለፈውም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ቀበቶው ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? አስራችሁ ሳለ መቆለፊያው ከተፈታ፣ ወይም መጠቅለያው ካልያዘ፣ ክሱ ከገጫችሁ ሾፌር አልፎ ወደ አምራቹ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ መኪናው ያስፈልጋል። መኪናው ተጎትቶ የቆመበት ግቢ በየቀኑ ያስከፍላል፤ ኢንሹራንሱም ቶሎ ወስዶ ለቁርጥራጭ መሸጥ ይፈልጋል። ሲሸጥ ቀበቶውም፣ መዝጋቢው መሣሪያም አብረው ይሄዳሉ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ «መኪናው እንዳለ ይጠበቅ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውንም ያዙ። የለበሳችሁትን ልብስም አትጣሉ፤ ቀበቶ የፋቀው ልብስ ላይ ይታያል።

የስምምነት ወረቀት ሲመጣላችሁ «በቀበቶ ምክንያት» የተባለው ቅነሳ ለብቻው ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ስንት በመቶ ነው፣ ከየትኛው ጉዳት ላይ ነው፣ ያንን የሚለው የትኛው ባለሙያ ነው፣ አደጋው በደረሰበት ቦታ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ፣ ጣሪያስ አለው ወይ። እነዚህን መመለስ ካልቻሉ ወይም «የተለመደ አሠራራችን ነው» ብለው ካለፉ አትፈርሙ። ካሳ የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ ስላለው ግን ሳትፈርሙ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ለጠበቃ አሳዩ።